ሴቶች የሚጫወቱት የሞባይል ጌም፦ ከዝግጅት እስከ ስርጭት፣ ደረጃ በደረጃ

ጌሙ ተሠርቶ ፕሌይ ስቶር ላይ ወጣ፤ የሚያወርዱት ግን ወንዶች ሆኑ። ቡድኑ ይሰበሰብና «ሴቶች ጌም አይወዱም» ብሎ ይደመድማል፣ ወይም ቀለሙን ሮዝ አድርጎ እንደገና ይሞክራል። ሁለቱም አያዋጣም። ጉግል ፕሌይ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባስጠናው ጥናት፣ ከ10 እስከ 65 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ በሞባይላቸው ጌም እንደሚጫወቱ ታይቷል። እኛም ጋ ታክሲ ውስጥና ፀጉር ቤት ወረፋ ላይ ቀና ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሴቷ ትጫወታለች፤ የእናንተን አይደለም እንጂ።

መመሪያው አገር ቤትና ዓረብ አገር ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ሴቶች የአንድሮይድ ጌም ለሚሠሩ ትንንሽ ቡድኖች ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 6ን ሳትጨርሱ ለማስታወቂያ አንድ ብር አታውጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- 2 ጊጋ ራም ያለው ርካሽ ስልክ፦ ቴክኖ፣ አይቴል ወይም ኢንፊኒክስ። ያገለገለና ሚሞሪው በፎቶና በቪዲዮ የሞላ ቢሆን ይመረጣል።
- ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት፣ «ይህ ይቅር» ስትል የሚቀርላት። ለሙከራ ቀን ብቻ የምትጠራ እህት አትቆጠርም።
- የጌሙ ጽሑፍ በሙሉ ከኮዱ ወጥቶ የተቀመጠበት አንድ ሠንጠረዥ።
- የፕሌይ ስቶር የገንቢ አካውንት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ቀድማችሁ ፈልጉ።

1. የትኛዋ ሴት እንደሆነች ወስኑ

«ሴቶች» የሚባል ተጠቃሚ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ቤት ልጅ የምታሳድገው እናትና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ የሚያገናኛቸው ነገር ትንሽ ነው። አንዷን ምረጡና እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልሱ፦

1. ስልኩን ከእሷ ሌላ ማን ይነካዋል? ልጅ? ባል? እህት?
2. እጇ የሚፈታው መቼ ነው? ለስንት ደቂቃ?
3. ኢንተርኔት የምታገኘው ከመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ነው ወይስ በራሷ ፓኬጅ?
4. አዲስ አፕ ሲገባ ስልኳ ላይ የሚጭንላት ማነው?

አራተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ስርጭቱን በሙሉ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ብዙ ሴቶች ጋ አፕ የሚደርሰው በሥራ ባልደረባ፣ በታናሽ እህት ወይም በሞባይል ቤቱ ልጅ በኩል ነው። የስልኩን ጂሜይል የከፈተውም ያው የሞባይል ቤቱ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የይለፍ ቃሉን እሷ አታውቀውም። ይህ በኋላ ሙከራው ላይ ይመጣባችኋል።

*መልሱ ግምት ከሆነባችሁ፦* ከመረጣችሁት ክፍል አምስት ሴቶችን አነጋግሩ፤ ጠያቂዋም ሴት ትሁን። ቴሌግራም ላይ መጠይቅ አትልቀቁ፤ የሚሞሉላችሁ ጓደኞቻችሁ ናቸው።

2. ጌሙን ከውሎዋ ጋር አስማሙ

ስልኩ ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ አውራ ጣት የሚጫወቱት ይሁን። ሌላኛው እጅ ልጅ ይዟል፣ የታክሲ ብረት ጨብጧል ወይም ድስት ያማስላል። አስፈላጊ ቁልፎችን በሙሉ ወደ ስክሪኑ ታችኛ ግማሽ አውርዱ።

አንድ ዙር ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ እስካሁን የሚጫወቱትን ሴቶች ያፈራው በከረሜላው ቀለም ብቻ አይመስለኝም። ዙሩ አጭር ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አምስት ልብ (የመጫወቻ ዕድል) ሲያልቅ ደግሞ አንዱ ልብ በ30 ደቂቃ ይመለሳል። ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ብትሄድ የሚጎድልባት ነገር የለም።

ቀጥሎ ያሉትን አራት ፈተናዎች በርካሹ ስልክ ላይ አድርጉ፦

1. ዙር መሃል ላይ በሌላ ስልክ ደውሉ፣ አንሱ፣ አውሩ፣ ዝጉ። ጌሙ ካቆማችሁበት ጠጠር ወይም ፊደል ላይ መቀጠል አለበት። ከመነሻው ከጀመረ፣ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ እንዲመዘግብ አድርጉት።
2. ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱ። «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከቆመ ፈተናውን ወድቋል።
3. ድምፁን ዝጉ። ማሸነፍና መሸነፍ ያለ ድምፅ መለየት አለባቸው።
4. የማውረጃውን መጠን እዩ። ከ40 ሜጋባይት በታች ካልሆነ ሥዕሎቹን ጨምቁ፣ ሙዚቃውን አሳጥሩ። ፕሌይ ስቶር የጌሙን የ64 ቢት ቅጂ ግድ ቢልም የ32 ቢቱን አታስወግዱት፤ የቆዩ ርካሽ ስልኮች የሚከፍቱት እሱን ነው።

የጨዋታውን ዓይነት ስትመርጡ የምታውቀውን ጨዋታ አስቡ፦ ገበጣ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ እንቆቅልሽ። ሕጉን ስለምታውቀው ረጅም ማስተማሪያ አያስፈልጋችሁም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። አንዱን ብቻ «ትክክለኛው» ብላችሁ ካስገባችሁ፣ በሌላው ያደገችው አንድ ኮከብ ሰጥታችሁ ትሄዳለች። ሕጉን ከመነሻው የምትመርጥበት ቦታ አስቀምጡ።

ሮዝ ቀለም፣ ሜካፕና ጫማ የጌሙ ጉዳይ ካልሆኑ ተዉአቸው።

የበዓል ውድድር የምታዘጋጁ ከሆነ ዋዜማው ላይ አታድርጉት። የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት ከተፋና ዶሮ ብለታ ላይ ያለች ሴት ሽልማታችሁን ልትሰበስብ አትቀመጥም። የበዓሉን ከሰዓት በኋላና ማግስቱን ያዙ። «በየቀኑ ካልገባሽ ያጠራቀምሽው ይጠፋል» የሚለውንም ሕግ ሰርዙ፤ የሚቀጣው ሥራ የበዛባትን ነው።

3. ቋንቋውን አስተካክሉ

ብዙ የአማርኛ ጌሞች ገና ከመክፈቻው «ጀምር»፣ «ተጫወት»፣ «ተሸንፈሃል» ይላሉ። ተጫዋቿ ጌሙ ለሌላ ሰው እንደተሠራ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ትረዳለች። በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍም በብዛት ወንዴ ሆኖ ነው የሚመጣው። እንዲህ ሥሩት፦

1. ከጽሑፍ ሠንጠረዣችሁ መጀመሪያ ፆታን የማይነኩትን ለዩ። «ጀምር» ሳይሆን «ጨዋታ»፤ «ቀጥል» ሳይሆን «ቀጣይ ደረጃ»፤ «3 ልብ ቀርቶሃል» ሳይሆን «የቀረ ልብ፦ 3»። አብዛኛው ቁልፍ እዚህ ላይ ያልቃል።
2. የቀሩትን በሦስት ዓምድ ጻፉ፦ አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ። «ጎበዝ፣ አሸንፈሻል»፣ «ጎበዝ፣ አሸንፈሃል»፣ «አሸንፈዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት»።
3. ጌሙ ሲከፈት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እንዴት እንጥራ?» ከሥሩ ሦስት ቁልፍ፦ አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ። ሳትመርጥ ማለፍ ትችል፤ ካለፈች «እርስዎ» ይሁን። በኋላም ከማስተካከያው ውስጥ መለወጥ ይቻል፤ ስልኩን ልጇ ሊወስደው ይችላል።
4. ስለ ሌላ ተጫዋች የሚናገር ዓረፍተ ነገርን በኮድ አትገጣጥሙ። ስም ላይ «አሸነፈ» የሚል ስትቀጥሉ «ሳራ አሸነፈ» ይወጣል። «አሸናፊ፦ ሳራ» በሉና ተገላገሉ።

ጽሑፉ በሣጥን ተተክቶ ከታየ ችግሩ ፎንቱ ነው። ዩኒቲን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሩን) የሚጠቀም ሰው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አውርዶ በቴክስት ሜሽ ፕሮ (የዩኒቲ የጽሑፍ ማሳያ) ፎንት ሲያዘጋጅ፣ የዩኒኮድ ክልል መምረጫው ላይ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን (በሄክስ) ይሙላ፤ የግዕዝ ፊደል ዋናው ክልል ይኸው ነው። ቁጥሮቹ እንዳይጠፉ የላቲኑን መሠረታዊ ክልልም ጨምሩ። ፊደል ከቁልፉ ውጪ ከፈሰሰ ቁልፉን አስፉት እንጂ ፊደሉን አታሳንሱት፤ በደቃቅ ጽሑፍ «ለ» እና «ሉ» አይለዩም።

የቃላት ጌም ከሆነ አንድ ሥራ ይጨመርባችኋል። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የጻፈችውን «ተሳስተሻል» አትበሏት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ከመነጻጸራቸው በፊት ወደ አንድ ፊደል ይመለሱ። ሰባቱንም ቤት እንዳትረሱ።

4. ደኅንነቷን ጠብቁ

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በኋላ አይታረምም፤ አንዴ የተረበሸች ሴት አትመለስም፣ ለጓደኞቿም ትናገራለች።

- ክፍት ቻት አታስገቡ። ሴት ስም ያለው ተጫዋች በታየ ቁጥር «ስልክሽን ላኪ» የሚል አይጠፋም። በምትኩ የተዘጋጁ አጫጭር ቃላትና ምልክቶች አስቀምጡ።
- የጉግል ስሟንና ፎቶዋን ወደ ደረጃ ሰንጠረዡ አትጎትቱ። የብዕር ስም ራሷ ትምረጥ፤ ፎቶው ከተሳሉ ምስሎች ይሁን።
- የዓለም ሁሉ ደረጃ ሰንጠረዥን ትታችሁ በኮድ የሚገቡበት የተዘጋ ቡድን ሥሩ። ስምንት ጓደኛሞች ይበቃሉ።
- የስልክ ማውጫ፣ ያለችበትን ቦታና የማይክሮፎን ፈቃድ አትጠይቁ። ለገበጣ ማይክሮፎን ምን ያደርጋል?
- ማገጃና ማመልከቻ ቁልፉ ከስሙ አጠገብ ይሁን።

ኖቲፊኬሽን ላይ ቆም በሉ። «ናፍቀሽኛል፣ የት ጠፋሽ?» የሚል መልእክት ለናንተ ቀልድ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ስልክ ላይ ብቅ ሲል ግን ቤት ውስጥ ማብራሪያ ያስጠይቃል። የጌሙ ስም ይቅደም፣ መልእክቱ ደረቅ ይሁን፦ «ገበጣ፦ አዲስ ደረጃ ተከፍቷል»። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ምንም አትላኩ።

ምን መረጃ እንደምትይዙ በአማርኛ ጽፋችሁ ጌሙ ውስጥ አስቀምጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «ማን ያየናል» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

5. ማስታወቂያና ገንዘብ

ብዙዎቹ ተጫዋቾቻችሁ ፕሌይ ስቶር የሚቀበለው ካርድ የላቸውም። የመጀመሪያው ገቢያችሁ የሚመጣው ተጫዋቿ ፈልጋ ከምታየው ማስታወቂያ ነው፦ ቪዲዮውን ታያለች፣ አንድ ልብ ታገኛለች። ዙር መሃል ላይ የሚደነቅር ማስታወቂያ አታስገቡ።

አድሞብ (የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት) ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የማገጃ መቆጣጠሪያው ውስጥ ግቡና ጥንቃቄ ከሚሹት ምድቦች የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያን፣ ወሲብ ነክ ይዘትንና የተራቆተ ገላ የሚያሳየውን ዝጉ። ቁማርንም ዝጉ። ስልኩን የስድስት ዓመት ልጅ እንደሚነካው ደረጃ 1 ላይ ጽፋችኋል። አንድ ነውረኛ ማስታወቂያ ካለፈ ጌሙ በዚያው ምሽት ይጠፋል።

*ጥንቃቄ፦* ፕሌይ ስቶር ላይ ባለ ጌም ውስጥ ልብና ሳንቲም በቴሌብር ለመሸጥ አትቸኩሉ። ለዲጂታል ዕቃ የጉግልን የክፍያ ሥርዓት መጠቀም በፖሊሲው ግዴታ ነው፤ ከጣሳችሁ ጌሙ ሊወርድባችሁ ይችላል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ያስገኛል የተባለው የቴሌግራም ጌም የሃምስተር ኮምባት ወሬ ከተማውን ካጥለቀለቀ ወዲህ «ብር ይሰጣል?» መባሉ አይቀርም። «አይሰጥም፣ መዝናኛ ነው» በሉ፤ መግለጫው ላይም ጻፉት።

6. ሙከራ

ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ የገንቢ አካውንት ከሆነ ያላችሁ፣ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች በዝግ ሙከራ ለ14 ተከታታይ ቀናት ተመዝግበው መቆየት አለባቸው። ብዙ ቡድን ይህን ግዴታ በክፍል ጓደኞቹ ሞልቶ ይገላገላል። ኪሳራ ነው። ቢያንስ ግማሾቹ ደረጃ 1 ላይ የመረጣችኋት ዓይነት ሴቶች ይሁኑ።

1. የጂሜይል አድራሻቸውን ሰብስባችሁ የሞካሪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ፕሌይ ስቶር ላይ በቀኝ ጥግ ያለውን ክብ ምስል ሲነኩ አድራሻው ይታያል፤ የይለፍ ቃል አያስፈልግም፣ አትጠይቁም።
2. የመግቢያ ሊንኩን ላኩ። «ገጹ አልተገኘም» ካለ ስልኩ ላይ ሁለት አካውንት ሊኖር ይችላል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ባለው ይቀይሩ።
3. ቢያንስ አራቱን በአካል ሲጫወቱ እዩ። ቦታው እሷ ያለችበት ይሁን፦ ፀጉር ቤት፣ የመሥሪያ ቤት ካፌ፣ ቡና የሚፈላበት ቤት።
4. ስልኩን ስጡና ዝም በሉ። ጣቷን ተከታተሉ። የት ቆመች? የትኛውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነካች? ፀጉር ማድረቂያው ሥር ያለች ሴት የጌሙን ድምፅ አትሰማም፤ አንገቷንም ማዘንበል አትችልም፤ ስክሪኑ አናት ላይ የሸጎጣችሁት ቁልፍ እንዳለ የማይታወቀው እዚያ ነው።

«ወደድሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ «ቆንጆ ነው» ትላችኋለች፣ ቤቷ ስትገባ ታጠፋዋለች። በምትኩ ስልኩን ለጓደኛዋ እንድታስተላልፍና ራሷ እንድታስረዳት ጠይቁ። ማስረዳት ያቃታት ቦታ ጌሙ ያልገባት ቦታ ነው። ሳትጠየቅ «ቆይ ይሄንን ልጨርስ» ካለች ደግሞ ሌላ ምስክር አያሻም።

*ባል ወይም ወንድም አጠገቧ ሆኖ የሚመልስላት ከሆነ፦* ሙከራውን በትህትና ጨርሱና ሌላ ቀን በሴት ጠያቂ ድገሙት። የዚያን ቀኑን መልስ አትመዝግቡ።

7. የፕሌይ ስቶር ገጽ

ስሙ እስከ 30፣ አጭር መግለጫው እስከ 80 ፊደል ነው። አጭሩ መግለጫ የምትፈራውን ይመልስ፦ «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ገበጣ። ቻት የለውም፣ ብር አይጠይቅም።» የአማርኛውን ገጽ ለብቻው ሙሉት። ፈላጊዋ ግን በላቲን ፊደል ልትጽፍ ስለምትችል፣ ረጅሙ መግለጫ ውስጥ የጌሙ ስም በላቲን አንድ ጊዜ ይግባ። ደጋግሞ መጠቅጠቅ ያስቀጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስሎች ጌሙን በትክክል ያሳዩ፣ «አንቺ» የሚለውም ይታይ።

8. ስርጭት

ሴቶችን በቡድን ድረሱ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ዶርም፣ አንድ ዕቁብ። በተዘጋው የኮድ ቡድን ስድስት ባልደረቦች አንድ ላይ ከገቡ ሰባተኛዋን እነሱ ያመጧታል። የጀመረችላችሁን ሴት ፈልጓት፣ አመስግኗት፣ የቡድኑን ስም እሷ ታውጣ።

ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ሳይሆን የፕሌይ ስቶሩን ሊንክ ላኩ። በፋይል የመጣ ጌም ሲጫን ስልኩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ «ሃክ ያደርገኛል» ብላ ትሰርዘዋለች፤ ማሻሻያም አይደርሳትም።

ቲክቶክ ላይ ወጣት ወንድ ቆሞ የሚያብራራበት ቪዲዮ አትሥሩ። እጅና ስልክ ብቻ፣ ከጀርባ የሲኒ ድምፅና ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ፣ 15 ሰከንድ።

ዓረብ አገር ላሉት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ፕሌይ ኮንሶል (የገንቢው መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ የአገሮቹን ዝርዝር ክፈቱና ሳዑዲን፣ ኤምሬቶችን፣ ኩዌትን፣ ሊባኖስን ምረጡ፤ ኢትዮጵያን ብቻ ከመረጣችሁ እነሱ ሲፈልጉ አያገኙትም። ሁለተኛ፣ ስልክ ሊቀየር ወይም ከእጃቸው ሊወጣ ስለሚችል የደረሱበትን ደረጃ በአጭር ኮድ መመለስ ይቻል። ሊንኩንም በኢሞና በዋትስአፕ የሚላክ አድርጉት።

የሚከፈል ማስታወቂያ የምትሞክሩ ከሆነ የሴቶቹን ለብቻ ለዩ። ሁለቱን ፆታ አንድ ላይ ከተዋችሁት ሲስተሙ ብሩን ርካሽ ዳውንሎድ ወዳለበት ይወስደዋል፤ ያ ደግሞ የጀመራችሁበት ቦታ ነው።

9. መለካትና ማስተካከል

«አንቺ»ን የመረጡትን ለብቻ አውጡና ሦስት ነገር እዩ፦ የመጀመሪያውን ዙር የጨረሱት፣ በማግስቱ የተመለሱት፣ በሰባተኛው ቀን ያሉት። «እርስዎ» ላይ የቀሩትን ወንድ ብላችሁ አትቁጠሩ።

- ገጹን አይተው የማያወርዱ ከበዙ፦ መጠኑንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምስሎች እዩ። ሁለቱን አንድ ላይ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።
- አውርደው የመጀመሪያውን ዙር ካልጨረሱ፦ ደረጃ 3ንና ማስተማሪያውን እዩ።
- በማግስቱ ካልተመለሱ፦ ስልኩ ሲደወል ጌሙ ከመነሻው እየጀመረባቸው እንደሆነ ፈትሹ።
- ከሳምንት በኋላ በአንድ ጊዜ ከጠፉ፦ ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ዋዜማ ወይም የፈተና ሳምንት ከሆነ ምንም አትንኩ። ካልሆነ የዚያን ሳምንት ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ፈትሹ፤ የታገደ የመሰላችሁ ምድብ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።
- አስተያየት መስጫው ላይ ወንዶች ብቻ ከጻፉ፦ በእነሱ ጥያቄ ቻት እንዳትከፍቱ። የሴቶቹን ሐሳብ የተጫዋቾቹን ቡድን በጀመረችው ሴት በኩል በድምፅ መልእክት ጠይቁ፤ ከመጻፍ መናገር ይቀላቸዋል።